ከቡሬ እስከ መጀመሪያው ንፍፊት

እኔና ታላቅ እህቴ ዘይነብ ሱብሒ ሰግደን ከቡሬ ተነሣን። ዘይነብ በርበሬ ነጋዴ ናት፤ ሰፌዷን አንሥታ ስታበጥር ገበያው ሁሉ ያስነጥሳል። አሁን የቀኝ ጡቷ ዕጢ ሊወጣላት ወደ አዲስ አበባ መሄዳችን ነው። ለዕጢው እሺ ብላለች፤ የፈራችው ለቀኝ እጇ ነው። ጎረቤታችን ፋጡማ ከዓመታት በፊት ስትታከም የብብቷ ንፍፊቶች፣ እነዚያ ባቄላ የሚያካክሉ ፍሬዎች ሁሉ፣ ወጥተው ክንዷ አብጦ ቀረ። ባልዲ እንኳ አታነሣም።

ፍኖተ ሰላም

ሚኒባሱ ሰው ሊጭን ቆመ። እሸት በቆሎ የምትጠብስ ሴት፣ "ጥርስ ላለው ሃያ ብር፣ ለሌለው በነፃ!" ትላለች።

"እንግዲያው እኔ አሥር ነኝ፤ ግማሹ ወልቋል" አለቻት ዘይነብ። ሴትዮዋ ስቃ ትልቁን መረጠችላት። እህቴም ከቤት ከወጣን ወዲህ ገና ያኔ ሳቀች። ከዚያ ደንበጫን፣ ደብረ ማርቆስን፣ የዓባይን ጠመዝማዛ አለፍን።

ሆስፒታል

ሐኪሙ ወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳን።

"እናቴ፣ ዕጢው አጠገብ ትንሽ ጨረር ያለው መድኃኒት እንወጋለን። ወደ ብብት የሚወስደውን መንገድ ተከትሎ መጀመሪያ የሚያገኘው ንፍፊት ላይ ያርፋል። ካንሰሩም ከተሰራጨ ቀድሞ የሚገባው እዚያ ነው። ያን አውጥተን እንመረምራለን፤ ንጹሕ ከሆነ የቀሩትን አንነካም።"

"እንደ መስኖ በሉኛ! ውሃው ቀድሞ የሚገባበትን መደብ ማየት ነው" አልኩት።

"ከእኔ የተሻለ አስረዱ" አለ።

ጠዋት ተወጋች። ቀዶ ጥገናው ከሰዓት ነው። የዙሁር ሶላት ሲደርስ ዘይነብ አልነሣ አለች፤ "ውዱእ ካደረግሁ መድኃኒቱ ይታጠባል፣ መንገዱም ይጠፋባቸዋል።" ለሐኪሙ ነገርኩት። አልሳቀባትም። "ታጥበው ሰግደው ይምጡ፣ አብረን እናየዋለን" አላት።

ስትመለስ ጨረሩን የሚያስስ ብዕር መሳይ መሣሪያ ወደ ብብቷ አስጠጋ። ጢው፣ ጢው፣ ጢው አለ።

"አለ!" አለች ዘይነብ። "ክረምትም አያጥበው!"

መልስ

ዕጢውም ያ ንፍፊትም በዚያው ቀን ወጡ፤ የምርመራው ውጤት እስኪመጣ ዘመድ ቤት ሰነበትን። ንፍፊቱ ንጹሕ ሆነ። ሐኪሙ ቀሪ ሕክምናና ክትትል እንዳለ ነግሮን፣ "ብብትዎን ግን ከዚህ በላይ አንነካም" አላት።

"ሰፌዱስ?"

"ቁስሉ ሲድን፣ እጅዎን ቀስ በቀስ እያለማመዱ።"

ቡሬ ስንደርስ ቀድማ የመጣችው ፋጡማ ናት። ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ የዘይነብን ክንድ ከትከሻ እስከ ጣት ዳሰሰች። "አልሐምዱሊላህ! በእኔ ጊዜ ቢኖር" አለች። እኔ ማዳን ሁሉንም ነቅሎ ማውጣት ይመስለኝ ነበር። ለካ የፋጡማ ሐኪሞች የት ማቆም እንዳለባቸው የሚያሳያቸው ነገር አጥተው ኖሯል።

መግሪብ አብረን ሰገድን። ለተክቢራ እጃችንን ስናነሣ የዘይነብ ግራ እጅ እስከ ትከሻዋ ደረሰ፤ ቀኝ እጇ ደረቷ ላይ ቆመ። ሰላም ብለን እንደጨረስን ዞር ብላ አየችኝ።

"ደረት ደርሷል። ከዚህ እስከ ትከሻ የአዲስ አበባን ያህል አይርቅ!"