አያ ስንሻው አልዘጋም

ይህን ነገር ከዚህ ቀደም ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሟች ባለቤቴ አልነገርኳትም፤ አንድ ትራስ ላይ ያረጀን ሰዎች ነበርን። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። እሳቸው የሚጠይቁኝ ስለ ጾሙ፣ ስለ ሰንበቱ፣ ስለ ሰው ሚስት ነው፤ ስለ ብሎን የጠየቀኝ የለም። ካልጠየቁኝ ምን አስለፈለፈኝ እያልኩ ኖርኩ። አሁን ጡረታ ወጥቼ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ከቤቴ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤቴ ስመላለስ፣ ያቺ ብሎን ከኃጢአቴ ሁሉ ቀድማ ትመጣብኛለች። አንባቢዬ፣ እስቲ አንተ ስማኝ። ልትፈታኝ ሥልጣን እንደሌለህ አውቃለሁ። እኔም የምነግርህ እንድትፈታኝ አይደለም።

እዚሁ ማርቆስ የስልክ ቤት ቴክኒሻን ነበርኩ። ሥራ የገባሁት ኦፕሬተሮቹ ሴቶች ከወንበራቸው ተነሥተው አውቶማቲክ ማዞሪያው በተተከለበት ጊዜ ነው። ድሮ አዲስ አበባ የሚደውል ሰው ለኦፕሬተሯ ይነግራል፣ እሷ ታገናኘዋለች። መሐል ላይ መስመሩ ቢበጠስ «ተቋርጦ ነው፣ አይዝጉት፣ ይጠብቁ» ብላ መልሳ ትቀጥለዋለች። አውቶማቲኩ ሲመጣ ሰው ቁጥሩን ራሱ እያዞረ መደወል ጀመረ። ፈጣን ነበር፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ማሽን «ተቋርጦ ነው» አይልም። መስመር ሲቋረጥም ሆነ ሰው ሲዘጋ፣ በወዲያኛው ጆሮ የሚሰማው አንድ ዓይነት ነው።

ማሽኑን የሠሩት ሰዎች ይህን አስበውበታል። ሪሌ የምንላት ትንሽ ዕቃ አለች፤ ኤሌክትሪክ ሲመጣላት ብረቷን ስባ መስመሩን ትይዛለች፣ ሲሄድባት ትለቃለች። ከሪሌዎቹ አንዷ ሆን ተብሎ እንድትዘገይ የተሠራች ነበረች። የሚያወራው ሰው የእጀታው ማስቀመጫ ላይ ያለችውን ቁልፍ ሳያውቅ በክንዱ ወይም በልብሱ ነካ ቢያደርጋት፣ ይህች ሪሌ ወዲያው አትለቅም፤ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያህል ትታገሳለች። ክንዱን ካነሣ ወሬው ይቀጥላል። ካላነሣ እውነትም ዘግቷል ማለት ነውና ትለቃለች። የትዕግሥቷ ልክ የሚወሰነው ደግሞ በአንዲት ብሎን ነው። ያሠለጠነን መምህር ሌላውን ሁሉ ፍቱ፣ ግጠሙ፣ ይህችን ግን እንዳትነኩብኝ፣ ለሰው ስሕተት የተተወች ናት ብሎ አስጠንቅቆን ነበር።

እኔ ነካኋት።

ለምን ነካኋት? ተራ ጠባቂው ስለበዛ ነው ብዬ ብዙ ጊዜ ለራሴ መልሻለሁ። ሕዝብ የሚደውልባቸው የመስታወት ክፍሎች ነበሩን። አንዱ ጨርሶ ሲያስቀምጥ ተከታዩ ነጥቆ ያነሣል፤ ሪሌዋ ገና ስላልለቀቀች የመደወያው ድምፅ አይመጣለትም። ያን ጊዜ ቁልፏን ይቀጠቅጣታል፣ ቀጥሎ እኔ ላይ ይጮኻል። እኔ ደግሞ ድሮም ስድብ የማልችል ሰው ነኝ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ካቻቪቴዬን ይዤ ገባሁና ብሎኗን አጠበቅኋት። ሪሌዋ ገና ስትነካ የምትለቅ ሆነች። ሰልፉ አጠረ፣ ጩኸቱ ቀረ፣ አለቃዬ በሰው ፊት «እጅህ ይባረክ» አለኝ። እንግዲህ እውነቱን ልንገርህ፦ ያጠበቅኋት ለሰልፉ ብዬ ሊሆን ይችላል፤ እንደጠበቀች ያስቀረኋት ግን ለዚያች ምርቃት ስል ነው።

መስመር የሚቋረጥበት ሰው በዛ። «ተቋረጠብኝ» ብሎ የመጣውን ሁሉ «ነክተኸው ነው» እያልኩ መለስኩ። ነክቶታላ! ልክ ነበርኩ። በቅሎ ገመዷን ብትበጥስ በራሷ አሳጠረች እያልኩ እተርትባቸውም ነበር።

አያ ስንሻው የመጣው በዚህ መሐል ነው። ከሮብ ገበያ በላይ፣ ወደ ጮቄ ግድም የሚያርስ ገበሬ ነበር። አብረውት የመጡት የደብራቸው ቄስ መምሬ አለነ፣ ተራ እስኪደርሳቸው ነገሩን አጫወቱኝ። አያ ስንሻው እናቱ በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደገችው እታለም የሺ የምትባል ታላቅ እህቱ ናት። እሷ አዲስ አበባ ትኖራለች። አባታቸው በክረምት ሲሞቱ መርዶ አላስነገራትም። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ደክማ ትመጣና ትታመምብኛለች፣ መስከረም ሲጠባ ይነገራታል ብሎ አቆየው። እሷ በዚያው ክረምት ከሰው ሠርግ ሄዳ እልል ስትል ሰነበተች። በኋላ የአባቷን ሞት የሰማችው ከአንድ የጎዛምን ነጋዴ ነው፣ ያውም ገበያ መሐል። አባቷ አፈር ውስጥ ሆኖ እሷ እልል ማለቷን ለማንም ይቅር የምትለው ነገር አልሆነም። «ከእንግዲህ ወንድም የለኝም» አለች። ሽማግሌ ተላከ፣ መለሰች። እንደገና ተላከ። በመጨረሻ «እንግዲያው ድምፁን ልስማው» ብላ፣ በተባለው ቀን ስልክ ካለው ጎረቤቷ ቤት ልትጠብቀው እሺ አለች።

ተራው ሲደርስ አያ ስንሻው ወደ ውጭ ወጣና ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ተሸክሞ ተመለሰ። እንደ አገራችን ወግ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አንገቱ ላይ ድንጋይ ይሸከማል፣ ይህን ታውቃለህ። ግን ለስልክ? ሳቄ መጣ።

«አባ፣ እህትየው አያዩትም እኮ» አልኳቸው።

«እሷ ባታየውም ድምፁ ያስታውቃል ልጄ» አሉኝ መምሬ አለነ። «የተሸከመና ያልተሸከመ ሰው እኩል አይናገርም።»

ቁጥሩን አዙሬ ሰጠሁትና ወጣሁ። በመስታወቱ አየዋለሁ። አንድ እጁ ድንጋዩን ይዟል፣ በሌላው እጀታውን። መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ቆሞ ተናገረ፣ ቀጥሎ ዝም ብሎ አዳመጠ። ከዚያ፣ እሷ ፊት እንደቆመ ሁሉ፣ መሬት ሊስም ጎንበስ አለ። ሲያጎነብስ የጋቢው ጫፍ ማስቀመጫው ላይ አረፈ፤ ከነድንጋዩ ክብደት ክንዱ ተከተለውና ቁልፏን ነካት። ነካ አደረጋት፣ ወዲያው ተነሣ። ከኋላዬ ካለው ክፍል ማሽኑ ሲለቅ ሰማሁት። ያን ድምፅ ከሌላ ድምፅ አላሳስተውም።

ብሎኗ በቦታዋ ብትሆን ኖሮ ሪሌዋ ትታገሰው ነበር። ይህን ያን ሰዓትም አውቃለሁ፣ ዛሬም አውቃለሁ።

አያ ስንሻው ግን አላወቀም። እዚያው እንዳጎነበሰ መለመኑን ቀጠለ። እጀታው ጆሮው ላይ ነው፤ የሚሰማው የመደወያው ድምፅ ነው፣ ያ ሳይቆም ሁም የሚለው። ለባዶ መስመር ስለ አባቱ ተናገረ፣ ስለ ጭቃው ተናገረ፣ እንባው ወረደ። እኔ ቆሜ አየሁት። ሦስት እርምጃ ሄጄ በሩን ከፍቼ «አያ ስንሻው፣ ተቋርጧል፣ ድገመው» ብለው ምን ነበረበት? አለቃዬ ከጎኔ ቆሟል። ብናገር «ደግሞ ለምን ተቋረጠ?» ሊለኝ ነው። ዝም አልኩ። አያ ስንሻው ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር።

«ምን አለችህ?» አሉት መምሬ አለነ።

«ምንም አልመለሰችልኝ አባ። ዝም ብላ ሁም እያለች ታነባ ነበር። አንጀቷ ራርቷል» አለ።

ድንጋዩን መንገድ ዳር፣ ካነሣበት ቦታ መልሶ አስቀምጦ ሄደ።

ጥቂት ሰንብቶ መምሬ አለነ ብቻቸውን መጡ። ከአዲስ አበባ መልስ መጥቷል። እታለም የሺ «ይቅር ለእግዚአብሔር ልለው አፌን ስከፍት ጆሮዬ ላይ ዘጋብኝ» ብላለች። አያ ስንሻው ግን ይምላል፣ አልዘጋሁም ይላል፤ እሷ አታምነውም። ለሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ተናግራለች፤ የስልክ ቤቱ ሰዎች በራሱ ተቋርጦ ነው ካሉ አምናለሁ ብላለች። የሁለት ሰዎች እርቅ እንግዲህ መጥቶ እኔ አፍ ላይ ቆመ።

«እውነቱን ንገረኝ ልጄ። ዕቃው ነው ወይስ እሱ?» አሉኝ።

አለቃዬ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ይጽፋል። ጆሮው ግን እኛ ጋ ነው።

«ዕቃው ደኅና ነው አባ። የተዘጋው ከዚህ በኩል ነው» አልኳቸው።

ተመልከት እንግዲህ። ዕቃው አልተበላሸም፣ እኔ እንዳደረግኩት ነው የሠራው። የተዘጋውም ከዚህ በኩል ነው። አንዲት የሐሰት ቃል የለችበትም። ብታስምለኝ ወንጌል መትቼ እምል ነበር። ሰው በእውነት ቃል ይህን ያህል ሊዋሽ እንደሚችል ከዚያ ቀን በፊት አላውቅም ነበር። መምሬ አለነ ዓይን ዓይኔን አዩኝ፣ መስቀላቸውን አሳለሙኝና ወጡ። ተሳለምኩ። መስቀሉን ተሳለምኩ።

በዚያኑ ቀን ሥራ ሊያልቅ ሲል ካቻቪቴዬን ይዤ ገባሁና ብሎኗን ወደ ድሮው ቦታዋ መለስኳት። ጥፋት ከሌለብኝ ለምን መለስኳት? ጥፋት ካለብኝስ ለምን ዝም አልኩ? ከዚያ ወዲህ የሌላው ሰው ሁሉ ስሕተት በዚያ ማሽን ይቅር ተባለ። የአያ ስንሻው ብቻ ቀረ።

ዓመታት አለፉ። አንድ የገበያ ቀን እዚሁ ማርቆስ አንድ ሰው ከኋላዬ ክንዴን ያዘኝ። ጠጉሩ ሸብቷል፣ እኔ ግን ወዲያው ነው ያወቅሁት።

«አንት የስልክ ቤቱ ልጅ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ» አልኩት።

«እታለም አረፈች» አለኝ። «ሬሳዬ ላይ እንዳይቆም ብላ ተናዝዛ ነበርና ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ አስቀበርኳት።» «ያን ቀን ዕቃችሁን ምን እንዳደረግሁት እንጃ። ባላገር ነኝ፣ አያያዙን አላውቅበትም። በኔ የተነሣ አለቃህም ተቆጥቶህ ይሆናል። ስለ እግዚአብሔር ይቅር በለኝ።»

ገበያ መሐል፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ጎንበስ አለልኝ። እኔስ ምን አልኩ? እታለም የሺ ልትለው አፏን የከፈተችበትን፣ እኔ ያስቀረሁበትን ያንኑ ቃል ነው ያልኩት።

«ይቅር ለእግዚአብሔር፣ አያ ስንሻው።»

እኔ ይቅር አልኩት። ገባህ? እኔ እሱን።

አያ ስንሻው ዛሬም በሕይወት አለ። ልጁ እዚህ ከተማ ባጃጅ ይነዳል፤ አንድ ቀን ተሳፍሬ ስንጫወት ነው የማን ልጅ መሆኑን ያወቅሁት። አባቱ አርጅቷል፣ ሞፈር ከሰቀለ ቆይቷል። ቀኝ እጁን እያየ «እታለምን የከለከለኝ ይህ እጄ ነው» ማለቱን ግን አልተወም አለኝ። የአባቱን ስልክ ቁጥር ለመንኩት፣ ሰጠኝ።

ባለፈው ሳምንት ደወልኩ። አነሣው። «ሃሎ፣ ማን ልበል?» አለ፣ በዚያው ድምፁ። አፌን ከፈትኩ፤ አንዲት ቃል ሳልናገር ዘጋሁበት።

ወዲያው መልሶ ደወለ።

«ተቋረጠብን መሰለኝ ጌታው» አለኝ። ሰው ዘጋብኝ ብሎ አላሰበም። እሱ ይህን በማንም አይጠረጥርም።

«አዎ፣ ኔትወርኩ ነው» አልኩት። ቁጥር ተሳስቼ ነው ብዬ ጨመርኩበት። ምንም አይደል፣ ያጋጥማል ብሎ መረቀኝ።

ይቅርታህን አልለምንህም አንባቢዬ። ወጣት ነበርኩ፣ አለቃዬ ነበር፣ ሰልፉ ነበር አልልህም፤ ባለፈው ሳምንት አለቃም ሰልፍም አልነበረም። ላንተ አስቀድሜ መናገሬም ራሱ ሽሽት ነው። ሊሰማኝ የሚገባው ሰው አንድ ነው፣ ልነግረው የሚገባኝም አንድ ነገር ነው፤ አልዘጋህም፣ ዘጊው እኔ ነኝ። ይህ ደግሞ በስልክ የሚባል አይደለም። ሮብ ገበያ ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ መኪናው ጠዋት ጠዋት ይነሣል። ድንጋይም በየመንገዱ ሞልቷል።