በቆጠራ ቀን ዕቃ አይወጣም

ወንድሜን ሰፈርተኛው «ዝግ ነው» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት የአውቶቡስ ድርጅት ውስጥ አብረውት የሠሩ መካኒኮች ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የመለዋወጫ ግምጃ ቤቷን መስኮት ይዞ፣ የፍሬን ሸራ ሊወስድ ለመጣ ሁሉ «ዝግ ነው» ሲል ኖረ። ጡረታ ሲወጣ ሸልመው ሸኙት፤ እኔ እንደሚመስለኝ ከደስታቸው ብዛት ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እሱን ግን የሚቆጨው አለመብላቱ አይደለም፤ የሚቆልፈው ነገር ማጣቱ ነው። አንዲት ብሎን እንኳ ወደ ቤቱ አላመጣም፣ ይህን አልክድበትም። ያመጣው አመሉን ነው።

ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ከወጥ ቤቱ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ግምጃ ቤት አደረጋትና ጡጫ የሚያህል ጓጉንቸር አንጠለጠለባት። ሳሙና፣ አምፖል፣ ክር፣ ብርድ ልብስ፣ መዶሻ፣ ሁሉም ተለቅሞ እዚያ ገባ። እኔ ባሌ ከሞተ ወዲህ የምኖረው እነሱ ዘንድ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳሙና የምወስደው ቅጽ እየሞላሁ ነው። የተጠየቀው ብዛት አንድ፣ የተፈቀደው ግማሽ። ግማሹን በክር ይቆርጥና ቀኑን በምስማር ይጭርበታል፤ ሁለት ጊዜ ስንታጠብበት ቀኑ ከእድፋችን ጋር አብሮ ይወርዳል። ስለ እሱ እንዲህ አፌን የምከፍተው እህቱ ስለሆንኩ ነው። ሌላ ሰው ቢለው እጣላ ነበር።

ሚስቱን እትዬ ነው የምላት፤ በዕድሜም ትበልጠኛለች። ከማግባቷ በፊት የታወቀች ልብስ ሰፊ ነበረች። ወንድሜ «የኔ ሚስት የሰው ደጅ አትጠናም» ብሎ ከሥራዋ አስቀራት፤ ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት የኛን ቀዳዳ ስትጥፍ ኖረች። ዘንድሮ ቅጠል መርገፍ ሲጀምርና ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋ ቤት ሰው እንደሚፈልግ ሰማች። ሄዳ ጠየቀች። ባለቤቲቱ «ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ነይና እጅሽን ልየው። መቀስሽን ይዘሽ ነይ፤ የኛዎቹ የተቆጠሩ ናቸው። ካረፈድሽ ሌላ ሴት አለች» አለቻት። እትዬ ይህን ስትነግረኝ ሁለት ጊዜ ደገመችልኝ፤ እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም።

መቀሷ ያለው ግምጃ ቤት ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ጠየቀችው።

«መቀሴን አውጣልኝ፤ ጠዋት እፈልገዋለሁ።»

«ቅጽ ሙይ።»

ሞላች። ምክንያት በሚለው ፊት «ሥራ» ብላ ጻፈች። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ የምን ሥራ እንደሆነ ጠየቃት፤ ነገረችው። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተና ሬዲዮኑን ከፈተ።

ሰኞ ማለዳ ቁርስ ላይ ተቀምጠን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዛሬ ዓመታዊ ቆጠራ ነው። በቆጠራ ቀን ዕቃ አይወጣም።»

 እትዬ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ይህን መመሪያ ያወጣኸው መቼ ነው?»

«መመሪያ ሁልጊዜም አለ» አላት፤ እሷን ሳያይ።

እንቢ ማለት እንኳ የማይችል ሰው ነው። ሚስቴ ሥራ እንድትወጣ አልፈልግም ብሎ በአፉ ቢናገር ተጨቃጭቀን ይወጣልን ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉት የሱ ዓይነቱን ነው፤ ሚስቱን ፈርቶ መቀሱን አሰረ። እትዬ ግን አልተጨቃጨቀችም። ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ሰብስባ፣ የተዘጋውን በር አንዴ አየት አድርጋ ሳህን ወደ ማጠቡ ሄደች።

እሱ ደግሞ ቀኑን የጣሪያውን አሸንዳ በመጥረግ ጀመረ። የረገፈው ቅጠል ደፍኖት ነበርና መሰላል ተደግፎ ወጣ፤ እኔ ከታች መሰላሉን ያዝኩ። አጠገቡ ያለውን ሳይጨርስ ጥግ ላይ ያለችውን አንዲት እፍኝ ቅጠል ሊደርስባት ሲንጠራራ፣ በክንዱ ያንጠለጠላት ባልዲ ሾለከች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ፤ የኔ ወንድም የጣለው ግን እኔ ላይ ነው። የሳምንት ቅጠልና ጭቃ ከአናቴ እስከ ወገቤ ወረደ። «ባልዲዋ ተሰበረች እንዴ?» አለኝ ከላይ ሆኖ።

ታጥቤ ስመለስ ብርድ ልብሶቹን እያወጣ ነበር። ብርዱ ሳይገባ ፀሐይ ማየት አለባቸው አለ። ያ «ዕቃ አይወጣም» የተባለው ለሰው ነው እንጂ ለፀሐይ አይደለም ማለት ነው። ግምጃ ቤቱ ውስጥ ከነወረቀቱ የተቀመጠ አዲስ የናይለን ገመድ አለ፤ እሱ ግን ሦስት ቦታ የተቋጠረውን አሮጌ አወጣልንና ስድስት ብርድ ልብስ ሰቀልንበት። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ መዝገቡን ዘርግቶ አምፖል መቁጠር ጀመረ። ከአሥራ አራት በላይ ሳይሄድ ገመዱ ተበጠሰ። ሌሊት ዘንቦ ነበርና ስድስቱም ጭቃው ላይ ተነጠፉ።

ወንድሜ እየሮጠ ወጣ። ቤት ቢቃጠል እንኳ ሳይቆልፍ አይወጣም፤ ሲሮጥም ጓጉንቸሩን ቀጭ አደረገው። የቁልፉ ዘለበት ግን ውስጥ፣ ከመዝገቡ አጠገብ ቀርቶ ነበር። ይህን ያወቀው ብርድ ልብሶቹን ሰብስበን ስናበቃ ወገቡን ሲዳብስ ነው። ሰዓቱ ሁለት ከሩብ ሆኗል፤ ስፌት ቤቱ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው።

«ትርፉ ቁልፍ የት ነው?» አለችው እትዬ።

 በአገጩ ወደ በሩ ጠቆማት። ቁልፍ ንብረት ነው፣ ንብረት ደግሞ የሚቀመጠው ግምጃ ቤት ነው። ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ «ትርፍ ቁልፍ፣ አንድ፣ ደህና» የሚል ወረቀትም ተለጥፎበታል።

«መዶሻስ?» አልኩ።

«ውስጥ ነው።»

«ፒንሳ?»

«ውስጥ።»

ካቻቢቴውን አልጠየቅሁም። ከት ብዬ እንዳልስቅ ከንፈሬን ነከስኩ፤ ወዲያው ግን የእትዬን ፊት አየሁና ሳቄ ጠፋ። ወንድሜ ኮቱን እየለበሰ «ቁልፍ ሠሪው አራት ሰዓት ላይ ይከፍታል፤ አመጣዋለሁ። እስከዚያ ማንም ሰው በሩን እንዳይነካ» አለ። በድምፁ ውስጥ ትንሽ እፎይታ ሰማሁበት። ያን ጊዜ በእውነት ጠላሁት።

እትዬ ወጥ ቤት ገብታ ጫፉ የተሰበረውን የሽንኩርት ቢላዋ ይዛ ወጣች። ጓጉንቸሩን አልነካችውም። ጓጉንቸሩ የተንጠለጠለበትን ብረት ከበሩ ጋር የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው፤ ጭንቅላታቸው ወደ ውጭ፣ ላላፊ አግዳሚው ሁሉ ይታያል። ሠላሳ አንድ ዓመት ንብረት የጠበቀ ሰው በገዛ እጁ የገጠማቸው እንዲህ አድርጎ ነው። የቢላዋውን ስባሪ አስገብታ አንዱን ፈታች፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አራተኛው ዝጎ አስቸገራት፤ ጥርሷን ነክሳ አዞረችው። በሩ ተከፈተ፤ ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ወንድሜ ኮቱን አንድ እጁን ብቻ አጥልቆ ቆሟል።

«ይኼን መቼ አወቅሽ?»

«የገጠምከው ቀን።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልከፈትሽውም?»

መቀሷን ከመደርደሪያው አነሳች፤ አቧራውን በመዳፏ ጠረገች።

«እስከ ዛሬ የምሄድበት አልነበረኝም» አለችው።

በንዴት አልተናገረችውም፤ እንደተራ ነገር ነው ያለችው። እሱ ግን «ቆጠራውን አበላሸሽው» አላት።

«አንድ መቀስ ጎደለ ብለህ ጻፍ» ብላው ወጣች። በአጥሩ በኩል አየኋት፤ እስከ መታጠፊያው በፍጥነት ሄደች፣ ከመታጠፊያው በኋላ ሮጠች።

ወንድሜ ቀኑን ሙሉ አንድም ዕቃ አልቆጠረም። በርጩማ አምጥቶ ከተፈታው በር ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ ምሳውን እዚያው ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ ጎርሶ ተወው።

«አንቺም ታውቂ ነበር?» አለኝ።

አላውቅም ነበር። ሁለት ዓመት እዚያ በር ላይ ቆሜ ግማሽ ሳሙና ስጠብቅ አንድ ቀን እንኳ ብረቱን ልብ ብዬ አላየሁትም። በሱ መሳቄን እንደ ጉብዝና ቆጥሬ ጓዳ ለጓዳ ሳሾፍበት ኖርኩ፤ እትዬ ግን ሳትስቅ ብሎኖቹን አየች። ከሁለታችን ማን ሞኝ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ፣ አፈርኩም።

«አዎ፣ አውቅ ነበር» አልኩት። ዋሸሁ። ቀና ብሎ አላየኝም።

እትዬ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተመለሰች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ቀሚሷ ላይ ሰማያዊ ክር ተጣብቋል። በር ላይ ደርሳ «ቀጠሩኝ» አለችኝ። አቀፍኳት፤ ላብ ላብ ትሸታለች። ወንድሜ ከበርጩማው ሳይነሳ እስክንላቀቅ ጠበቀ።

«ቆጠራው ስላላለቀ ነገ ይቀጥላል» አላት። «መቀሱን መልሺ።»

ሶፋው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች፤ ያበጠውን እግሯን አሸት አሸት አደረገች። ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነበር።

«ቁጠር» አለችው። «እኔ ነገ ሥራ አለኝ።»