የፋኖሱ ቅል

የበደለችኝ ጣውንቴ ናት። የበደለችኝም ባላችን በሞተ በዓመቱ፣ አዲስ አበባ፣ የፀሐይ ፋኖሱን የሚሠራው ድርጅት ቢሮ ውስጥ ነው። ባሌን ስትጋራኝ ሸሪዓው ፈቅዶላታል፤ ያንን አልቆጥርባትም። ቅሉን ግን ማንም አልፈቀደላትም።

ፋኖሱን የገዛሁት እኔ ነኝ። ራዲዮ አለው፣ ስልክም ይሞላል። በዕድሜዬ ያን ያህል የወደድኩት ዕቃ የለም። ፀሐይ የሚቀበለው ሰሌዳ የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ይሰጣል፤ በሽቦ የተያያዘው የፋኖሱ ሳጥን ግን አብሮት ሲቀመጥ የአገራችን የጨፋ ፀሐይ ያግለዋል፤ ወደ ታች ሳወርደው ደግሞ ፍየሎቹ ሽቦውን ያኝኩታል። አንድ ቀን ትልቅ ቅል በጎኑ ቀድጄ ፋኖሱን አስገባሁበትና ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ሰቀልኩት። ጥላ አገኘ። ራዲዮውን ስከፍተው ድምፁ ከቅሉ ሆድ ጎልቶ ወጣ፤ ጎረቤቴ ከአጥር ማዶ፣ «እንግዳ መጣብሽ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ቅሉ ከጣውንቴ አጥር የበቀለ ነው፤ አልክድም። ስትሰጠኝ ግን፣ «ምን ሊያደርግልዎ ነው፣ እትዬ? ተሰንጥቋል፤ እርጎ እንኳ አይይዝም» ብላ እየሳቀች ነው።

ቀስ በቀስ ሰፈሩ ሁሉ ቅል ሰቀለ። ፋኖሱን ከሚሴ ውስጥ የሚሸጠው ነጋዴ ለድርጅቱ «የሁለቱ ጣውንቶች ቅል» ብሎ ነገራቸው፤ ሁለታችንንም ጠሩን። እኔ ከዚያ ቢሮ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። ፋኖሱን የሠሩት ሰዎች ዓይኔን እያዩ፣ «እርስዎ ነዎት?» እንዲሉኝ።

ቅሉን በሻርፔ ጠቅልዬ እስከ አዲስ አበባ ጭኔ ላይ ያዝኩት። እሷ መስኮቱን ተደግፋ ተኛች።

በሩ ላይ ጥበቃውን «አካም ጅርታ» አለችው። የጅማ ሰው ኖሮ ፊቱ በራ፤ ወንበሩን ለቀቀላት። ኦሮምኛ እኔም አውቃለሁ፤ ምላሴ ግን እንግዳ ሰው ፊት አይፈጥንም። ውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሱ ልጃገረዶች ፋኖስ ይገጣጥማሉ። የእኔን የሚመስል ፋኖስ ሆዱን ተከፍቶ፣ መሰሎቹም ጠረጴዛውን ሞልተው አየሁ። ሰፈሩ ሁሉ ቢኖረውም፣ እስከዚያ ቀን የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጣውንቴ የአንዷን ልጅ ትከሻ ይዛ፣ «እጅሽ ይባረክ፣ ጨለማችንን ያበራሽ» አለቻት። ልጅቷ አቅፋ ሳመቻት። ለእኔ እጇን ሰጠችኝ።

ከዚያ ሠራተኞቹ ሰብሰብ ብለው ወደተቀመጡበት አዳራሽ አስገቡን። ኃላፊው እጅጌውን የጠቀለለ ወጣት ነው። ቅሉን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«እናቶቼ፣ እንዴት እንደታሰበ ማናችሁ ትነግሩናላችሁ?» አለ።

በእኛ አገር የተጠየቀ ታላቅ ወዲያው አይመልስም። ቃሉን ለታናሹ ይለቅለታል፤ ታናሹም «እርስዎ እያሉማ» ብሎ ይመልስለታል፤ ታላቁ ያኔ ይናገራል። ይህን ሕፃን ሳይቀር ያውቃል።

«እሷ ትናገር፤ ልጅ ናት፣ አንደበት አላት» አልኩ።

ኃላፊው ከተሜ ነው፤ እንዳልኩት ወሰደው። እሱን አልተቀየምኩትም። እሷ ግን ዞር ብላ አየችኝ። ቃሉ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር፤ አይቼዋለሁ። ዋጠችው።

«ቅሉ እንግዲህ ከእኔ አጥር ነው የበቀለው» ብላ ጀመረች።

ዋሸች ልል አልችልም። «ቀደድነው»፣ «ሰቀልነው» እያለች ነው የነገረቻቸው። ፍየሎቹ ሽቦውን እንዴት እንደሚያኝኩ በአገጯ ስታሳያቸው አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ፍየሎቹ የእኔ ናቸው። ኃላፊው እንባውን እየጠረገ፣ «እርስዎ ነዎታ!» አላት። እሷም አንገቷን ደፋች፤ አዎም አይደለምም አላለችም።

ፎቶ ሲነሳ፣ «እትዬ፣ ይምጡ እንጂ» አለችኝ።

«ይቅርብኝ፣ ብልጭታው ዓይኔን ያመኛል።»

አሁንም ደግማ አልለመነችኝም። ቅሉን አቅፋ ብቻዋን ተነሳች።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ፣ «ተቀየሙኝ እንዴ?» አለች።

«በምን?»

«ትናገር ያሉት እርስዎ ነዎት እኮ።»

«አዎ፣ ብያለሁ።»

ሻርፔን ተከናንቤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ፎቶው ትልቅ ሆኖ የነጋዴው ሱቅ በር ላይ ተለጠፈ፤ ገበያ በወጣሁ ቁጥር ቅሌን አቅፋ ትስቅብኛለች። ሴቶቹ «ጣውንትሽ ታዋቂ ሆነች» ይሉኛል። «ማሻአላህ» እላለሁ።

በኋላ የልጄን ሰርግ ደገስኩ። ጣውንቴ ከታላላቆቹ ሴቶች ጋር ተቀምጣለች፤ ሥጋውን ይዤ የምዞረው እኔ ነኝ። ፊቷ ስደርስ እንደ ወጉ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «በቃኝ እትዬ፣ ጠግቤያለሁ» አለች። ገና አንድ ጉርሻ አልቀመሰችም።

«እሺ» አልኳትና ወደሚቀጥለው ሰው አለፍኩ። ከዚያ ወዲህም በየድግሱ እንዲሁ አደርጋለሁ።