ዘጠኙ ከየት መጣ?

ክልሉ አዲስ ነበር፤ እኔም አዲስ የሒሳብ መምህር። አሶሳ ላይ በየቀኑ ቢሮ ይከፈታል፣ የተማረ ሰው ግን የለም። ስለዚህ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ሁሉ ኃላፊ ይሆንና ከሰዓት በኋላ ደብተር ይዞ እኔ ፊት ይቀመጣል።

ከሁሉም ፊት የሚቀመጡት በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ አማርኛ ገና ያልለመዱ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነበሩ፤ የአንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ። ሒሳብ ካላለፉ ቦታቸው ለሌላ እንደሚሰጥ ተነግሯቸዋል።

ኳድራቲክ ኢኩዌሽንን ካሬ በመሙላት መፍታት ያስተማርኩ ዕለት፣ እውነቱን ልናገር፣ ለራሴም አልገባኝም ነበር። ምሳሌውን ሸምድጄ ነው የገባሁት። ሰሌዳው ላይ x² + 6x = 16 ብዬ ጻፍኩ። በሁለቱም ወገን ዘጠኝ ጨመርኩ። ግራው (x + 3)² ሆነ፣ ቀኙ ሃያ አምስት።

ሰውዬው እጃቸውን አወጡ። «መምህር፣ ዘጠኝ ከየት መጣ?»

ጆሮዬ ጋለ። እኔስ መቼ አወቅሁና! መጽሐፉን ገለጥኩ፤ ዘጠኙ እዚያም ዝም ብሎ ተቀምጧል።

«ዘጠኝ ይጨመራል፣ በቃ!» አልኩ ቆጣ ብዬ።

«መመሪያ ነው?»

«አዎ፣ መመሪያ ነው።»

ፊታቸው በራ። ያኔ በየቢሮው መመሪያ ይፈጸማል እንጂ ከየት መጣ አይባልም። አስምረው ጻፉት።

ፈተናውን ከነመልሱ ከሌላ መጽሐፍ ቀዳሁ፤ አራት ጥያቄ። ሳርም የሰውዬው ወረቀት ደረሰ። በአራቱም ላይ፣ በሁለቱም ወገን፣ ዘጠኝ ጨምረዋል። x² + 10x = 24 የሚለውን ሠላሳ ሦስት አድርሰው፣ ሲጨንቃቸው ይመስለኛል፣ ከታች ፈርመውበታል።

ሳቅኩ። ከዚያ የመልሱን ወረቀት አየሁ፤ የሚጨመረው ሃያ አምስት ነው ይላል። ግራ ገባኝ። እዚያ ዘጠኝ፣ እዚህ ሃያ አምስት ለምን? ደጋግሜ ሳየው የስድስት እኩሌታ ሦስት፣ ሦስት ጊዜ ሦስት ዘጠኝ። የአሥር እኩሌታ አምስት፣ አምስት ጊዜ አምስት ሃያ አምስት! ለካ እንዲህ ኖሯል። ሳቄ ጠፋ፤ በራሴ አፈርኩ።

በማግስቱ ሰውዬው የታረመ ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። ርዕሰ መምህሩ አጠገቤ ቆመዋል።

«መምህር፣ እኔ መመሪያ አልጣሰ። ጥፋት የት ነው?»

ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ነበረብኝ። ርዕሰ መምህሩን ፈራሁ።

«በደንብ አላጠኑም» አልኩ።

ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ይቅርታ መምህር» አሉኝ፣ «አንተ ለፋ፣ እኔ አላጠና።»

በሳምንቱ ቢሮውን አስረከቡ።