ጀርባው የተላጠው ፈረስ

ሐኪሙ «ጋሼ፣ ጎል ብላደርዎ፣ የሐሞት ከረጢትዎ ማለቴ ነው፣ ጠጠር ይዟል» ሲለኝ ከአልጋው ዘልዬ ጣሪያውን በአናቴ ልበሳው ምንም አልቀረኝ። ያ «ጎል» የሚሉት ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ደሜን ያፈላዋል።

ያኔ ቀየት በምትባል ገጠር ሳለን እናቴን ሐሞቷ ክፉኛ አመማት። ሐኪም ቤት የሚያደርሳት አንድ ፈረሳችን ብቻ ነበር። እሱንም የእንግሊዝኛ መምህራችን ራቤል ለሰርግ ተውሶት ሄዶ፣ ጀርባውን ኮርቻ ልጦት፣ ምጣድ የሚያህል ቁስል አሸክሞ መለሰው።

አባቴ «ምን አደረግኸው?» ቢሉት፣ ይቅርታ እንኳ ሳይል ያስተምራቸው ጀመር።

«ይህ ቁስል በእንግሊዝኛ ጎል ይባላል። ሐሞትም ጎል ነው፤ ዓይን አውጣነትም ጎል ነው።»

የአባቴ ጢም እንደ ጃርት ቆመ።

«እንግዲህ ሐሞቱ የሷ፣ ቁስሉ የፈረሱ፣ ዓይን አውጣነቱ ያንተ! በል ቃሬዛውን ከፊት ያዝ!»

ያዘ። ዳገቱ ላይ እናቴ እያቃሰተች «ቀስ በል አንተ መምህር፣ እኔም ጀርባ አለኝ» ስትለው ዛሬም ይሰማኛል።

አሁን ደግሞ የኔው ሐኪም የሪፈር ወረቀት ሰጠኝ። «ዛሬውኑ ትልቁ ሆስፒታል መድረስ አለብዎት፤ ግን አምቡላንሱን አለቃችን ለሰርግ ወስዶታል።»

ቀና ብዬ፣ ቃሬዛ ይችል እንደሆን ትከሻውን አየሁት።