የግድግዳችን ቻይናዎች

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ቤታችን ግን ከጣሪያ እስከ ወለል በጽሑፍ የተሞላ ነበር። ያኔ አዋሳ ትባል በነበረችው ሀዋሳ፣ የጭቃ ቤት ያለው ሁሉ ግድግዳውን በጋዜጣ ይለጥፋል፤ አቧራውንም ትኋኑንም ይከለክላል ይባላል። እናቴ ልብስ የምታጥብላቸው ነጋዴ፣ በንጉሡ ጊዜ በነጻ ይታደል የነበረ የቻይና መጽሔት አንድ እስር ሙሉ ሰጧት። ወረቀቱ ወፍራምና የሚያብለጨልጭ ነው። በዱቄት ሙጫ ራሷ ለጠፈችው።

እኔ ዓለምን ያየሁት በዚያ ግድግዳ ነው። ትራክተር የምትነዳ ሴት፣ እሳት የሚተፋ የብረት ፋብሪካ፣ አፈር በትከሻቸው ተሸክመው ግድብ የሚሠሩ የሰው መዓት። እናቴ ባለ አፈሮቹን ትወድ ነበር፤ እንደኛው ድሆች ናቸው፣ ግን አይቀመጡም ትላለች። ተማሪው ታላቅ ወንድሜ ሻዩን ይዞ ፊታቸው ይቆምና፣ እነዚህ ሰዎች እንዲህ ከሠሩ አንድ ቀን ዓለሙን ሁሉ ያዳርሳሉ፣ እኛም ቤት ይመጣሉ ይላል። እናቴም፣ መጥተው የለ እንዴ፣ ኪራይ አይከፍሉም እንጂ ትለዋለች። ወንድሜ ሻይ የሚወደው ምላስ ሲያቃጥል ነው፤ ትንሽ ከበረደ ይመልሰዋል። በዚህ ትነጫነጭበት ነበር።

ከዚያ ደርግ ከሞስኮ ጋር ተወዳጀና ቻይና ጠላት ሆነች። እኛ ምን እናውቃለን? የትልልቆቹን ኩርፊያ ለግድግዳችን ማን ነገረው? አንድ ጠዋት የቀበሌው ጥበቃዎች ለአሰሳ ገቡ። መሪያቸው የሰፈራችን ልጅ ነው፤ እናቴ በሕፃንነቱ ያዘለችው። ግድግዳውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ይህን የለጠፈው ማነው አለ።

"እኔ ነኝ" አለች እናቴ።

ሳቁባት። እስቲ ምን እንደሚል አንብቢልን አሏት። እሷም አፈር የተሸከሙትን ሴቶች እያሳየች፣ ሥዕሉ አምሯት እንደለጠፈችው፣ ልጇ እጁ እንደሌለበት እየማለች ለመነቻቸው። ፊደል የማታውቅ ሴት የቻይና መጽሔት ምን ያደርግላታል ብለው ማንበብ የሚችለውን ወንድሜን ወሰዱት። ጥፋቱ ይኸው ነው፤ ማንበብ መቻሉ።

በየጠዋቱ ሻይ በጠርሙስ ትሞላና በሹራብ ጠቅልላ፣ ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወደ እስር ቤቱ ትሮጣለች። ዘበኞቹ ስንቅ አቀባዩን ሁሉ በር ላይ ደርድረው ሲፈትሹ ይረፍዳል። አንድ የተፈታ ሰው የወንድሜን መልእክት አመጣልን፤ ሻዩ በረዶ ሆኖ ነው የሚደርሰው፣ እማዬ በከንቱ አትድከም ብሏል። እሷ ግን ሌላ ሹራብ ደረበችበትና መሮጧን ቀጠለች። አንድ ጠዋት ጠርሙሱን ሳይቀበሏት መለሱላት።

"ከእንግዲህ አታምጪ" አሏት።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። ማልቀስ ክልክል ነው። ሐይቁ ዳር ወርዳ ልብስ የምታጥብ መስላ አለቀሰችው።

ዓመታት አለፉ። የትልልቆቹ ኩርፊያም በረደ መሰለኝ፣ ቻይና ቀስ እያለች በየቤቱ ገባች። ባትሪው፣ ጓጉንቸሩ፣ ሸራ ጫማው፣ አበባ ያለበት ሳህን፤ ወንድሜ እንዳለው። አንድ ቀን የቀበሌው ሱቅ ፔርሙስ አመጣ ተባለና ከእናቴ ጋር ተሰለፍን። የሚሸጠው ያው አሰሳውን የመራው ሰውዬ ነው። ቀይ አበባ ያለበትን አወረደና፣ የቻይና ዕቃ እኮ አሁን ዓለሙን ይዞታል እያለ አሞገሰላት። ልሰድበው አፌን ስከፍት እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። ፔርሙሱን ገልብጣ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ በጣቷ ዳበሰችው። ማንበብ ባትችልም ያን የፊደል ቅርጽ ከግድግዳችን ታውቀዋለች፤ ስንት ዘመን አቧራውን ስትወለውል ኖራለች።

"ሻይ እስከ ስንት ሰዓት ያቆያል፣ ልጄ?"

"ጠዋት ቢሞሉት እስከ ማታ ምላስ ያቃጥላል፣ እማማ።"

ፔርሙሱን ደረቷ ላይ አስጠግታ ያዘችው። ከኋላችን ሰልፈኛው ማጉረምረም ጀመረ። ወደ እኔ ዞረች።

"በትኩሱ ይደርስለት ነበር" አለችኝ።