በክሩ ላይ የቀረው ክላርኔት

ካርቶኑን ስከፍተው መጀመሪያ የመጣብኝ የኮምጣጤ ሽታ ነበር። ያኮቭ የሚባሉት፣ እዚህ እስራኤል፣ ሬሖቮት ከተማ፣ ከሄርዝል ጎዳና ጀርባ ባለው ቤታቸው በመታፔሌትነት፣ በአስታማሚነት ማለት ነው፣ ሦስት ዓመት ያስታመምኳቸው ሽማግሌ፣ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የሬዲዮ ቴክኒሻን ነበሩ። ያን ጊዜ የተማሯት አማርኛ ሳትጨምር ሳትቀንስ አብራቸው አርጅታ ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደርክ እመቤት» ይሉኛል፤ እኔም ወንድ መደረጌን ትቼ በእመቤትነቱ እስቃለሁ። የዚያን ዕለት ከቁም ሳጥኑ አናት ያስወረዱኝ ካርቶን በጥቅል የቴፕ ክር የተሞላ ነበር፤ ጣቢያው ሊጥላቸው ሲል ያተረፏቸው፣ ከእሳቸው በቀር ማንም ዘንድ የሉም የሚሏቸው የጥንት የጃዝ ኦርኬስትራ ቅጂዎች ናቸው። ክር ሲያረጅ እንዲህ ይኮመጥጣል አሉኝ። ማጫወቻው መዞር ሲጀምር መጀመሪያ እንደ ዝናብ ተንሿሿ፣ ቀጥሎ ጥሩንባዎቹ ባንድ ላይ ተነሡ፣ ከዚያም ሁሉም ዝም ብለው አንድ ክላርኔት ብቻውን ቀረ። ተቀመጥኩ። በሥራ ሰዓት ተቀምጬ አላውቅም ነበር።

የእኛ ቤት ጎንደር ከተማ ዳር ነበር። አባቴ ቢያድግልኝ ቀጥቃጭ፣ እናቴ ሸክላ ሠሪ፤ ሰው ማረሻውንና ማሰሮውን ከእኛ ከቤተ እስራኤሎቹ እየገዛ እኛኑ ቡዳ ይለናል። በአሥር ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ መርሻ ከትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ቡድን ክላርኔት ተምሮ ከመቀጥቀጫው ቤት ጀርባ ሲለማመድ፣ የእሱ ዜማና የአባቴ መዶሻ እየተጋጩ አባቴ «ወይ አንተ ዝም በል፣ ወይ እኔ ልተው!» እያለ ይቆጣል፤ ተቆጥቶም መዶሻውን ቀስ ያደርጋል። መርሻ ሃያ ዓመት ሲሞላው አዲስ አበባ ሄዶ ኦርኬስትራ ገባ። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ከሰዓት እናቴና እኔ ማሰሯችንን ተሸክመን፣ እጃችን ስኒውን እንዳይነካበት የማያስገባን ባለ ሻይ ቤት መስኮት ሥር ቆመን ኦርኬስትራውን በሬዲዮ እንሰማ ነበር። እናቴ ክላርኔቱን ከጥሩንባው ስለማትለይ ሁሉንም መርሻ የሚነፋው ይመስላት ነበር፤ ከበሮውን እንኳ «እሰይ የኔ ልጅ!» ትለው ነበር።

አንድ ቀን የጭነት መኪና ሹፌር ደብዳቤ አመጣልኝ፤ በቤታችን ማንበብ የምችል እኔ ብቻ ነበርኩ። መርሻ ስሙን ለውጧል። «እዚህ ተስፋ ማርያም ደስታ ነው የምባለው፤ በእኛ ስም ማን ያስጠጋኛል? አባባ ስሙን መጣሌን ከሰማ ይረግመኛልና ለማንም እንዳትነግሪብኝ» ይላል። ድምፅ ሳላወጣ ማንበብ ስለማልችል ጓሮ ሄጄ ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ከዚያ አቃጠልኩት።

በክረምቱ ያው ሹፌር ተመልሶ ልጃችሁ ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል ተኝቷል አለን። አባቴ በማግስቱ ጠዋት አዲስ አበባ ሊሄድ አውቶቡስ ሲሳፈር ጋቢውን ይዤ ቆምኩ። የመርሻ አዲሱ ስም ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ወንድሜን ማመን፣ ቃል መጠበቅ ማለት ይህ መሰለኝ። በዘጠነኛው ቀን አባቴ ብቻውን ተመለሰ፤ «መርሻ ቢያድግልኝ የሚባል በሽተኛ የለም አሉኝ። በየአልጋው ልይ ብል ዘበኛው አስወጣኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ የእሑዱ ኦርኬስትራ ያለ ክላርኔት ይጫወት ጀመር። አባቴ ግን ሞቱን ያየ የለም ብሎ ለቅሶ ከለከለ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ እስራኤል ስንመጣ ሱዳን በረሃ ላይ እሱም ሞቶ ቀረ። እናቴ እዚህ ከገባች በኋላም አዲስ በመጣ ሰው ሁሉ ፊት ቆማ መርሻ የሚባል ታውቁ እንደሆን ስትጠይቅ ኖረች።

በያኮቭ ማጫወቻ ላይ ሙዚቃው ሲያልቅ አስተዋዋቂው «ክላርኔት፣ ተስፋ ማርያም ደስታ» አለ። ያኮቭ ጣታቸውን አነሡ። «ጎበዝ ልጅ። ሳንባ ታመመ። እኔ ሆስፒታል ሄድኩ፣ ብርቱካን ይዤ። ዘመድ የለውም አሉ። እኛ ቀበርን።»

እህቱ ነኝ አላልኳቸውም። ክሩን እንዲደግሙልኝ ብቻ ለመንኳቸው፤ ስልኬን አስጠግቼ ቀዳሁት።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እናቴ ጋ ሄድኩ፤ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው። ስልኩን ጆሮዋ ሥር ያዝኩላት። ዐይኗን ጨፍና ሰማች፤ ስሙ ሲጠራ ዐይኗን ገለጠች። እግሯ ሥር ተንበርክኬ ሁሉን ነገርኳት፤ ደብዳቤውን፣ አውቶቡሱን፣ የዋጥኩትን ስም፣ ሽማግሌው ያሉኝን።

«ያን ደብዳቤ ስታነቢ ከአጥሩ ወዲያ ጭቃ እረግጥ ነበር። ሰምቼሻለሁ» አለችኝ።

«ታዲያ ለአባባ ለምን አልነገርሽውም?»

«ይረግመዋል ብዬ። አባት ልጁን በፊቱ ያውቀዋል አልኩ፤ አስገብተው የሚያሳዩት መስሎኝ።»

«ለእኔስ? ሃምሳ ዓመት ሊሞላ እኮ ነው፣ እማዬ።»

«ረስተሽው ይሆናል ብዬ ተውኩሽ።»

በማግስቱ እናቴ ከአልጋዋ ወርዳ ለሰባት ቀን ሐዘን ወለል ላይ ተቀመጠች። ጎረቤቱ ምግብ ይዞ መጣ፣ ከቤኤር ያዕቆብ ከተማም ዘመድ ገባ፤ ማን እንደሞተ ግን የሚያውቅ የለም። ያረፈውን ሰው ስም የቤተ እስራኤል ቄሳችን ሲጠይቁ እናቴ ሁለቱንም ነገረቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ምን ዓይነት ልጅ ነበር?» አሉኝ። ስለ ክላርኔቱና ስለ አባቴ መዶሻ አወራኋቸው፤ የተቀመጠው ሁሉ ተጨማሪ ይጠብቃል፣ እኔ ግን ጨርሻለሁ። ሰባቱን ቀን ሙሉ በትዝታዬ ውስጥ ፈለግኩት። ትንፋሹ በስልኬ ውስጥ አለ፤ እኔን በስሜ ሲጠራኝ ድምፁ እንዴት እንደነበር ግን ጠፋብኝ። እናቴን ጠየቅኳት። እሷም አላስታወሰችውም።